ዘጠና ሁለት ዲግሪ

ሔዋን ሦስተኛውን ዘንግ በማሞቂያው ገንዳ ጎን አስገብታ ብሎኑን ስታጠብቅ፣ ከኋላዋ የቆመው አለበል ለአራተኛ ጊዜ ሰዓቱን አየ። አለበል የወተት አምራቾቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ሰዓቱን ባየ ቁጥር ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ ሔዋንም ዞራ ሳታየው ስንት ጊዜ እንዳየ የቆጠረችው በዚሁ ነው።

«ደረሰ?» አላት።

«ደረሰ፤ ሽቦውን ብቻ ላስርበት።»

ቀኑ የሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ቀዳም ሥዑር ነበር። ከደብረ ማርቆስ ጫፍ፣ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የተሠራችው አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ በዚያን ዕለት የመጀመሪያ ሥራዋን ልትሠራ ነው። ሰባ አባላት ጠዋት ያለቡትን በአህያና በሚኒባስ ልከው ሁለት መቶ አርባ ሊትር ተጠራቅሟል። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ወተት ተንጦ ቅቤ ከመሆን ሌላ ዕድል አልነበረውም። ነገ ግን ፋሲካ ነው፤ ይህም ወተት የተቀጠረበት ቦታ አለው። ከከተማው ማዶ እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ የሚያስተዳድሩት የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ ሃምሳ ሦስት ልጆች አሉ፤ ለፋሲካ ጠዋት የሚጠጡት ይህንኑ ነው።

አለበል ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ቃል ሲገባ አፉ አይበቃውም። ከወር በፊት በስብሰባ መካከል ተነሥቶ «እማሆይ፣ ከእንግዲህ ወተት ለማፍላት እንጨት አይፈጁም! በሽታውን እኛው ገድለን እንልክልዎታለን፤ እንደ መጣ ያጠጧቸው» ብሎ ነበር። እማሆይም አመኑት። ማመናቸው ነበር ሔዋንን እንቅልፍ የነሣት። ምክንያቱም በዚያ ዓመት ከሮብ ገበያ በላይ ባሉት መንደሮች ላሞች ይጨነግፉ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ በሽታው በጥሬ ወተት ወደ ሰው እንደሚሻገር ተናግሯል፤ አንድ አባልም ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ ሦስት ወር ተኝቷል። ወተቱ ስድሳ ሦስት ዲግሪ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ከቆየ በሽታው ይሞታል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ማሞቁ ለወጉ ብቻ ነው።

ስድሳ ሦስት መሆኑን የሚናገሩት ደግሞ ሔዋን የተከለቻቸው ሦስት ዘንጎች ናቸው። እርሳስ ያህላሉ። ውስጣቸው ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ አለ፤ ሽቦው ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ለማሳለፍ ይለግማል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መዝጋቢ ሳጥን ልግመቱን ለክቶ ወደ ዲግሪ ይለውጥና በየደቂቃው ይመዘግበዋል። ከእያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ቀይና አንድ ነጭ ሽቦ ይወጣል። ሁለተኛው ቀይ ትርፍ ስለሚመስል ብዙ ሰው ቆርጦ ይጥለዋል፤ የሽቦውን የራሱን ርዝመት ከሂሳቡ የሚያወጣው ግን እሱ ነው። ሔዋን አልቆረጠችውም። ባሕር ዳር ኤሌክትሪክ ተምራ፣ አራት ዓመት የሰው ፋብሪካ ውስጥ ሠርታ ወደ አገሯ የተመለሰች የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ሽቦ ላይ ማንም አያሳስታትም።

የተሳሳተችው ሌላ ቦታ ነው፤ እዚያም ብቻዋን አልነበረችም።

ነገሩ የሆነው ረቡዕ ዕለት ነው። ከዘንጎቹ ጋር የመጣው ወረቀት «ከመጠቀምዎ በፊት በሚቀልጥ በረዶና በሚፈላ ውሃ ይፈትሹ» ይላል። የሚፈላ ውሃ ሞልቷል። በረዶ ግን በሕማማት ሳምንት ከየት ይምጣ? ሥጋ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ሆቴሎቹ ምን ሊያቀዘቅዙበት ብለው ፍሪጃቸውን ነቅለዋል። ስለዚህ በውሃ ብቻ ይፈተሽ ተባለ፤ ፍተሻውንም እንዲመለከቱ መምህር ገዳሙ ተጠሩ።

መምህር ገዳሙ ሠላሳ አራት ዓመት ሳይንስ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ማኅበሩን በነጻ የሚያማክሩ ሽማግሌ ናቸው። የከተማው ግማሽ ተማሪያቸው ነው። ሔዋንንም ስምንተኛ ክፍል አስተምረዋታል፤ ሴት ልጅ ሽቦ ብትነካ ነውር እንደሌለው ለአባቷ የነገሩትም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ያቺ ልጅ እዚያ ገንዳ ሥር አትገኝም ነበር፤ ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ።

ድስቱ ሲንተከተክ ዘንጎቹን ነከረቻቸው። ሳጥኑ ለአንደኛው ዘጠና አንድ ነጥብ ዘጠኝ፣ ለሁለተኛው ዘጠና አንድ ነጥብ ስምንት፣ ለሦስተኛው እንደገና ዘጠና አንድ ነጥብ ዘጠኝ አለ። ዘጠና ሁለት ማለት ነው።

መምህር ገዳሙ ሳቅ አሉ። «አየሽ? ለዚህ ነው መፈተሽ የሚያስፈልገው። ውሃ በመቶ ነው የሚፈላ፤ እነዚህ ስምንት ነጥብ አንድ ሰርቀዋል።»

«ሦስቱም እኩል መሳሳታቸው አይገርምም፣ መምህር?»

«አንድ ፋብሪካ ነው የወለዳቸው፤ ጥፋታቸውም አንድ ነው። ሳጥኑ ማረሚያ የለውም?»

ነበረው። በእያንዳንዱ ዘንግ ንባብ ላይ የሚደመር ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ አለው። ሔዋን ጣቷ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ። ግን ማን ናት እሷ? መምህር ገዳሙን፣ ያውም በአለበል ፊት፣ «እርግጠኛ ነዎት?» የምትል? ስምንት ነጥብ አንድ ብላ ጻፈች። ሳጥኑ ወዲያው መቶ አለ፤ አለበል አጨበጨበ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሦስተኛው ዘንግ ከታሰረ በኋላ እሳቱ ተለቀቀ። ወተት ያመጡ አሥር የሚሆኑ አባላት ግድግዳውን ተደግፈው ቁጥሩን ያያሉ። አርባ፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ ስምንት። መምህር ገዳሙ ቄጤማ በራሳቸው ላይ አስረው ጥጉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አክፋይ ናቸው፤ ከሐሙስ ወዲህ እህል አልቀመሱም። ሳጥኑ ስድሳ ሦስት ሲል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሔዋን ሰዓቷን ያዘች።

በስምንተኛው ደቂቃ ላይ ማሬ መጣች። ማሬ ቢዶን አጣቢ ናት፤ አርባ ዓመቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በሆቴል ጓዳ የፈላ ውሃ ውስጥ እጇን እየነከረች ያደገች ሴት። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሔዋን ጆሮ ጠጋ አለች።

«ሔዋንዬ፣ ስድሳ ሦስት ማለት ምን ያህል ነው?»

«እጅ የማያስቀምጥ።»

«እኔኮ ከገንዳው የሚወጣውን ቱቦ ይዤው ነበር። አባታችን ሆይን እስከ ‹ስጠን ዛሬ› አድርሻለሁ።»

«እጅሽ ለምዶ ነው።»

«እጄስ ለምዷል። ግን የለመደውን ያውቃል።»

ሔዋን ሄዳ ቱቦውን ነካች። አቃጠላትና ለቀቀችው። ግን እሷን የሻይ ብርጭቆም ያቃጥላታል፤ ፍርድ አይሆንም። ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ሰው ቀምሶ ሙቀቱን ምላሱ ላይ ይለየው ነበር፤ ዛሬ ግን ወተት ወደ አፉ የሚያስጠጋ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ የለም። ወደ ሳጥኑ ተመለሰች። ክዳኑን ከፍታ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት አደረገች። ቀይ ከቀይ፣ ነጭ ለብቻው። የላላ የለም፤ የተቆረጠ የለም። ሽቦው ልክ ነው፣ ቁጥሩ ስድሳ ሦስት ነው፣ ማሬም አልዋሸችም። ሦስቱ አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም።

ሠላሳው ደቂቃ አለቀ። ወተቱ በቀዝቃዛ ውሃ መካከል አልፎ አሥራ ሁለት ቢዶን ውስጥ ተሞላ። መምህር ገዳሙ ደክሟቸው ወደ ማኅበሩ ቢሮ ገቡ። አለበል ራሱ ቢዶን ተሸክሞ ፒካፑ ላይ ይጭናል፤ የጮቄ ተራራ ጫፍ ከጠቆረ ቆይቷል።

«ቶሎ በሉ! ዝናቡ ከያዘን ያችን ቁልቁለት መኪናው አይወርዳትም!»

የመጨረሻው ቢዶን ተጭኖ ሸራው ሲታሰር ሰማዩ ተቀደደ። የወረደው ግን ዝናብ አልነበረም፤ በረዶ ነው። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች መነጋገር አቃታቸው። ሹፌሩ አበረ ራሱን በእጁ ሸፍኖ ሮጦ ገባ። ሁሉም በሩ ላይ ተደርድረው የመጪውን ዓመት ባቄላ እያሰቡ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሔዋን ግን የምታየው መሬቱን ነበር። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ግቢው ነጭ ሆነ። ሁለት ቀን ፈልጋ ያጣችው ነገር በነጻ እግሯ ሥር ተደፍቷል።

ባልዲ አንሥታ ወጣች። ማሬ «ኧረ ይመታሻል!» ብላ ጮኸች፤ ግን እሷም ተከትላ ወጥታ በሁለት እጇ እየዛቀች ትሞላላት ጀመር። ሔዋን ሥራው ካለቀው ከመውጫው ቱቦ ላይ አንዱን ዘንግ ፈትታ በረዶው መሀል ተከለችው፤ ጥቂት ውሃም ጨመረችና አማሰለችው። ከዚያ ሳጥኑ ፊት ቆመች።

ሃያ ሁለት። አሥራ አምስት። አሥራ አንድ። ዘጠኝ ነጥብ አራት። ስምንት ነጥብ ሦስት።

ስምንት ነጥብ አንድ።

እዚያ ቆመ። እንደገና አማሰለች፤ በረዶ ጨመረች፤ ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ጠበቀች። ስምንት ነጥብ አንድ። የሚቀልጥ በረዶ ዜሮ ነው፤ ከዚያ አይወጣም፣ ከዚያ አይወርድም። ስምንቱን በረዶው አላመጣውም። ስምንቱን ያመጣችው እሷ ናት፤ ረቡዕ ዕለት በገዛ ጣቷ ጽፋ አስገብታዋለች። ስድሳ ሦስት ሲነሣለት ስምንት ነጥብ አንድ፣ ሃምሳ አምስት እንኳ አይሞላም። ፒካፑ ላይ ያለው ለብ ብሎ የቀዘቀዘ ጥሬ ወተት ነው፤ የሚጠጡትም ሳያፈሉት ነው፤ አታፍሉት ተብለዋልና።

ወደ ቢሮው በሮጠች ጊዜ በረዶው ይሳሳ ጀምሮ ነበር።

መምህር ገዳሙ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ገርጥቷል።

«መምህር፣ ዘንጉን በረዶ ውስጥ ከተትኩት። ስምንት ነጥብ አንድ ይላል።»

«በረዶው ቆሻሻ ይኖርበታል።»

«ቆሻሻ ስምንት ዲግሪ አያሞቅም።»

«እንግዲያው ዘንጉ ተበላሽቷል።» ድምፃቸው አልተቆጣም፤ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ የሚያስረዳ ነው። «ልጄ፣ ውሃ በመቶ ይፈላል። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። ለዓመታት አስባው የማታውቀው ነገር፣ የስምንተኛ ክፍል ቤተ ሙከራ፣ የላምባ ምድጃው ሽታ ሳይቀር ድንገት መጣባት።

«መምህር፣ ያኔ ቤተ ሙከራ ውስጥ ስድስት ቴርሞሜትር ነበር። በየቡድናችን ውሃ አፈላን። ሁላችንም ዘጠና ሁለት አነበብን። እርስዎ ‹ቴርሞሜትሮቹ አርጅተዋል፣ መቶ ብላችሁ ጻፉ› አሉን።»

«አርጅተው ነበራ።»

«ስድስቱም? እኩል?»

መምህር ገዳሙ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«መጽሐፉኮ ‹በባሕር ወለል ላይ› ነው የሚለው» አለች። «በባሕር ወለል ላይ ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል። በቃላችን ሸምድደነዋል። እኛ የት ነን፣ መምህር? ከባሕር ስንት ሺህ ሜትር በላይ ነን? አየሩ ቀሎ ውሃው ቀድሞ ቢፈላ ነው እንጂ ዘንጎቹ ምንም አላጠፉም። ወተቱ አልሞቀም። ልጆቹ ሊጠጡት ነው።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ከውጭ የፒካፑ ሞተር ሲነሣ ተሰማ።

ሔዋን ያን ግቢ እንዴት እንዳቋረጠችው አታውቀውም። በረዶው ሥር ጭቃ ነበር፤ አንድ ጊዜ ወድቃ ተነሥታለች። አበረ መሪውን ወደ በሩ ሲያዞር መኪናው ፊት ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

አለበል ከጎን መስኮት አንገቱን አወጣ። «ምን ሆነሻል፣ አንቺ ልጅ?»

«ጋሽ አለበል፣ ወተቱ ይውረድ። እንደገና መሞቅ አለበት።»

«ለምን ተብሎ?»

እዚህ ላይ ሔዋን ዞር አለች። መምህር ገዳሙ የቢሮውን በር ይዘው ቆመዋል። አሥሩም አባላት ወጥተው ያያሉ፤ ከመካከላቸው አራቱን እሳቸው አስተምረዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ እውነቱን እንዲሁ አንሥቶ መወርወር ለመጽሐፍ ይቀላል፤ ለሷ ግን አልቀለላትም። አባቷን ያሳመኑላትን ሰው፣ በጾም የደከሙትን፣ ቄጤማ በራሳቸው ላይ እንዳሰሩ በሰው ፊት ማዋረድ አቃታት። ዋሸች።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሽቦ አቀያይሬያለሁ። የሚያሳየው ቁጥር ትክክል አልነበረም።»

ጥሩ ያደረገች መስሏት ነበር። አለበል ግን ሞኝ አይደለም።

«የቱን ሽቦ? አሁን ክዳኑን ከፍተሽ አንድ በአንድ ስትጎትቺ አይቼሽ የለም? ልክ ነው ብለሽ ዘጋሽው! ደግሞስ ረቡዕ ዕለት መምህር ራሳቸው ፈትሸው አይደለም? መቶ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ፈርተሽ ነው። የመጀመሪያ ሥራሽ ስለሆነ ፈራሽ፤ አይፈረድብሽም። እማሆይ እየጠበቁ ነው፤ ቁልቁለቱ ሳይበላሽ ልሂድበት።» ከዚያ በመኪናው ጣሪያ ላይ አሻግሮ ጮኸ። «መምህር! ፈትሸው አረጋግጠው የለም እንዴ?»

ሔዋን የሠራችው ነገር ገባት። ጥፋቱን ለራሷ ስትወስድ ዳኝነቱን ለሳቸው ሰጥታቸዋለች። አሁን ሽማግሌው ራሳቸውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ ካደረጉ መኪናው ይሄዳል፤ የሚያስቆመውም የለም። ሃምሳ ሦስት ልጆች ነገ ጠዋት ኩባያቸውን ይዘው ይሰለፋሉ።

መምህር ገዳሙ አልነቀነቁም። ግን አልተናገሩም። በሩን እንደያዙ በረዶውን ያያሉ።

አለበል ዝምታውን እንደ እሺታ ወሰደው። «በል አበረ፣ ንዳ። ትለቃለች።»

«አለቅም።»

«ሔዋን!»

«አለቅም አልኩ እኮ!»

አበረ መኪናውን ቀስ አድርጎ አስጠጋ። ብረቱ ጉልበቷን ነካ፤ ሞቃት ነው። ፈርታለች፤ ከመኪናው ይልቅ ቀጥላ የምትናገረው ነገር ያስፈራታል። ከእንግዲህ ሌላ መንገድ የለም። ትላለች። በሰው ሁሉ ፊት መምህር ተሳስተዋል ትላለች። አየር ሳበች።

«አበረ» አለ ከኋላዋ የደከመ ድምፅ። «ሞተሩን አጥፋ።»

አበረ አጠፋ። ግቢው ጸጥ ሲል ከቆርቆሮው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። መምህር ገዳሙ በበረዶው መካከል አንድ እግር አንድ እግር እያሉ መጡ፤ ማሬ ልትደግፋቸው ብትሮጥ በእጃቸው ከለከሏት። መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሽቦው ልክ ነው» አሉ። «ልጅቷ አንድም ሽቦ አላሳሳተችም። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ።»

«እንዴት፣ መምህር?» አለ አለበል።

«አንተ አባይ በረሃ ወርደህ ሠርተሃል አይደል? ጮቄ ሥር ተወልደህ። እስቲ ንገረኝ፤ ባቄላ የት ነው ቶሎ የሚበስለው?»

«በረሃ ነዋ። እኛ ዘንድማ ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ ውሎ ይደነድናል።»

«እኮ። ውሃው እየፈላ፣ ባቄላው አልበስል የሚለው ለምን ነው?»

አለበል ትከሻውን ነቀነቀ።

«እዚህ የፈላ ውሃ በረሃ እንደፈላው አይሞቅም። በመቶ አይደለም የሚፈላ፤ በዘጠና ሁለት ነው። ሰባ ዓመት ያን ባቄላ በልቻለሁ፤ አንድ ቀን አላሰብኩትም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ዘንጎቹ እውነቱን ሲናገሩ ዋሻችሁ ብዬ ስምንት ዲግሪ አስጨመርኳቸው። ይህ ወተት ሃምሳ አምስት እንኳ አልደረሰም። አንድ ጠብታ ልጅ አፍ ውስጥ ቢገባ በኔ ነው። አውርዱት።»

አለበል ጉሮሮውን ሊጠራርግ ጀምሮ ተወው። ከመኪናው ወረደና ሸራውን ይፈታ ጀመር፤ ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉት።

የአሥራ ሁለቱ ቢዶን ወተት ገንዳው ውስጥ ተመለሰ። ሔዋን ሳጥኑን ስትከፍት መምህር ገዳሙ አጠገቧ ቆሙ። «የቱ ነው የሚያጠፋው?» አሏት፤ አሳየቻቸው። ሦስቱንም ስምንት ነጥብ አንድ ራሳቸው አጠፉ። ባልዲው ውስጥ እስካሁን ያልቀለጠ በረዶ ነበር፤ ዘንጉን መልሳ ስትከተው ሳጥኑ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ ቆመ። አባላቱ ምኑም ሳይገባቸው አይቀርም፤ ግን ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩት።

እሳቱ እንደገና ተለቀቀ። አለበል ማሳደጊያው ድረስ በእግሩ ሄዶ ለእማሆይ ሊያስረዳ ወጣ፤ ኔትወርኩን በረዶው ወስዶታል። «እስክንመጣ ይታገሡ እላቸዋለሁ» አለና በሩ ላይ ቆም ብሎ ሔዋንን አያት። «ለወደፊቱ ስትዋሺ እንኳ ትንሽ ተለማመጂ» አላት። ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

ስድሳ ሦስት ሲሞላ ማሬ ቱቦውን ያዘችና ወዲያው እጇን እያራገፈች ሸሸች። አባላቱ ሳቁ። ሠላሳው ደቂቃ ተጀመረ።

መምህር ገዳሙ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ቁጥሩን ያዩ ነበር። ሔዋን አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ያን ዕለት» አሉ በመጨረሻ፣ ከቁጥሩ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ፣ «ከክፍላችሁ ውስጥ ዘጠና ሁለት ብሎ የጻፈ ልጅ ነበር?»

አልነበረም ማለት ይቀላል። አፏ ላይ ደርሶም ነበር። ግን የዛሬዋ ቅን ውሸቷ መኪናውን በር ድረስ አድርሳው እንደነበር አሰበች።

«እንዳላማው የሚባል ልጅ ጽፎ ነበር» አለች።

«ምን አደረግሁት?»

«ዜሮ ሰጡት። ሰሌዳ ላይ አውጥተው ሃያ ጊዜ መቶ ብሎ እንዲጽፍ አደረጉት።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቄጤማው ደርቆ በግንባራቸው ላይ ተንሸራቷል፤ አላስተካከሉትም።

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ሮብ ገበያ። ያስተምራል።»

«ምን ያስተምራል?»

«ሳይንስ።»

መምህር ገዳሙ ዓይናቸውን ከፈቱ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ፤ ፈገግ አሉ። «ተመስገን» አሉ። «እንግዲያው እሱ ለልጆቹ እውነቱን ይነግራቸዋል። ከኔ ያመለጠ አንድ ሰው አለ ማለት ነው።»

ሔዋን መሬት መሬቱን አየች። እሳቸው ግን እየጠበቋት ነበር።

«የእህቴ ልጅ እሱ ዘንድ ነው የሚማረው» አለች። «ደብተሩን አይቻለሁ።»

«ስንት ይላል?»

«መቶ።»